ያ ሁሉ ዋት የት ገባ?

ከእኛ ዕድሜ ጋር የምትቀራረቡ ከሆነ ሳሎናችሁ ውስጥ፣ ዳንቴል ተደርቦለት፣ ግንባሩ ላይ «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ያለው ቴፕ ሳይኖር አይቀርም። ተለጣፊውን ማንም አይልጠውም ነበር፤ የቤቱ ማዕረግ ነዋ! የመርካቶ ነጋዴም ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ቴፑን አዙሮ ጀርባውን የሚያይ ሰው ግን ብዙም አልነበረም። ጀርባው ላይ፣ የመብራት ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር ይጻፋል፦ ዕቃው ከሶኬት የሚወስደው ኃይል። 20 ዋት፣ 25 ዋት፣ ሲበዛ 40 ዋት።

እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ከግድግዳ 25 ዋት የሚቀበል ዕቃ በስፒከር በኩል 1000 ዋት ያወጣል ማለት ነው። በወር 25 ብር ደመወዝ እየተከፈለው በወር 1000 ብር የሚያወጣ ጎረቤት ቢኖረን ሰፈሩ በሙሉ «ከየት አመጣው?» እያለ ያማው ነበር። ቴፑን ግን ማንም አላማውም።

ጋዜጠኝነት ስንማር መምህሮቻችን እስኪሰለቸን የነገሩን ነገር ቢኖር፣ ቁጥር ሲሰጣችሁ «ማን ለካው? እንዴት ለካው? በምን ሁኔታ?» ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነው። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ለዋት እናቀርባለን። ደግነቱ ጥያቄውን የጀመርነው እኛ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በፊት መንግሥት ራሱ ጠይቆት፣ ሕግ አውጥቶበት፣ እስከ 2024 ድረስ ሲያሻሽለው ኖሯል። የዚያ ሕግ ታሪክ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ ሙቀት ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ እንናገራለን።)

ከአምፖሉ ዘመን እንነሳ። በ1947 ዊልያምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ የአንድ አምፕሊፋየር ንድፍ አሳተመ። የድምፁ ጥራት በጊዜው ጉድ ያሰኘ ስለነበር በየአገሩ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች እቤታቸው እየበየዱ ሠሩት። ጉልበቱ ስንት ነበር? 15 ዋት። የዘመኑ ሰው በዚህ አልተከፋም፤ 15 ዋት ለአንድ ሳሎን ይበቃል ተብሎ ይታመን ነበርና። እውነትም ይበቃል። አንድ መደበኛ የቤት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ 87 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሰው እየጮኸ እንዲያወራችሁ የሚያስገድድ ድምፅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዋት የሚፈለገው በአብዛኛው ከበሮው «ድው!» ለሚልባት ቅጽበት ነው። ጆሯችን ደግሞ ስስታም ፍጡር ነው፤ ድምፁ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ጉልበቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ከ50 ዋት ወደ 60 ዋት ያደገ ሰው ከኪሱ በቀር ምንም ለውጥ አይሰማውም። (ለሠርግ ድንኳን የሚተከለው ሞንታርቦ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ መንደሩን በሙሉ ማስደነስ አለበት፤ ሺህ ዋት ቢል እንረዳዋለን። በነገራችን ላይ ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ግን ለትልቅ ስፒከር ሁሉ አደልነው።)

ትራንዚስተር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1960ዎቹ አምፕሊፋየሩ ቀለለ፣ ረከሰ፣ አነሰ። ስቴሪዮም መጣ፤ የአሜሪካ ወጣት ሁሉ ገዢ ሆነ። ገዢው አዲስ ነው፤ ስለ ድምፅ መዛባት ቢነግሩት አይገባውም፣ ስለ ቁጥር ቢነግሩት ግን ይገባዋል። 40 ከ20 ይበልጣል፣ አለቀ። ታዲያ ሻጮቹ ምን አደረጉ? ዕቃውን ሳይነኩ ቁጥሩን ማሳደግ ጀመሩ።

አሠራሩን በምሳሌ እናሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን የመረጥነው እኛ ነን፣ ዘዴዎቹ ግን በሙሉ በገበያ የነበሩ ናቸው። ለግራና ለቀኝ ስፒከር ለየብቻ 10 ዋት ያለማቋረጥ መስጠት የሚችል ሐቀኛ አምፕሊፋየር አለን እንበል። መጀመሪያ ግራና ቀኙን እንደምራለን፤ 20 ሆነ። ቀጥሎ «የሙዚቃ ጉልበት» የሚባል አለካክ እናመጣለን። ይህ አምፕሊፋየሩን ለአንድ አፍታ ብቻ፣ የውስጥ ቮልቴጁ መድከም ሳይጀምር የሚለካበት ዘዴ ነው፤ እያንዳንዱ 10 ዋት 13 ይሆናል፣ ድምሩ 26። ከዚያ «የጫፍ ጉልበት» እንላለን፤ አማካዩን ትተን ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለውን ብቻ እንቆጥራለን፣ በዚህም ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል፤ 52። በመጨረሻ «1 ዴሲቤል ወዲህ ወይም ወዲያ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ከሥር እንጨምርና፣ ከወዲህና ከወዲያ ሁልጊዜ ወዲያ ያለውን እንመርጣለን፤ 65። ዕቃው ያው ነው። ብሎን እንኳ አልተለወጠም። 10 ዋት ግን 65 ዋት ሆነ!

አስቂኙ ነገር፣ ከእነዚህ እርምጃዎች መካከል ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው የምንለው አንድም የለም። የሙዚቃ ጉልበት የሚለውን አለካክ የአምራቾቹ ማኅበር ራሱ በደረጃነት ይዞት ነበር፤ ክርክሩም «ሙዚቃ በቅጽበት የሚፈነዳ እንጂ እንደ ፋብሪካ ጥሩምባ ያለማቋረጥ የሚጮህ አይደለም» የሚል ነው። አሳማኝ ነው። ችግሩ ደካማ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር በዚህ አለካክ ከሁሉ በላይ መጠቀሙ ነው። መዳብና ብረት ያልወጣበት ዕቃ ለአንድ አፍታ ከጎበዙ ጋር እኩል ይሮጣል፤ አፍታዋ ስታልፍ ትንፋሹ ይቆረጣል። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ደግሞ የዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው። አያቶቹ ቢያንስ የሆነ ዓይነት አለካክ ነበራቸው፤ እሱ ግን ሁሉም የተስማማበት ምንም ዓይነት መለኪያ የለውም። ነጋዴው የፈለገውን ቢጽፍ የሚያፋጥጠው ደረጃ የለም።

ሕጉ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን በ1974 ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ለቤት አምፕሊፋየሮች የጉልበት ማስታወቂያ ደንብ አወጀ፤ ሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 4 ቀን 1974 ነው። (በእኛ አቆጣጠር ሲታወጅ ሚያዝያ 1966፣ ሲጀመር ጥቅምት 25 ቀን 1967 ነበር። ሲታወጅ ንጉሡ ዙፋን ላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ፤ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ አገሪቱ በደርግ እጅ ነበረች። እኛ ዓለም ሲገለበጥብን እነሱ ዋት ይለኩ ነበር ማለት ነው። ለማንኛውም።)

ደንቡ ምን ይላል? ስለ ዋት የምትናገር ከሆነ፣ በመጀመሪያ የምትናገረው ለአንድ ቻናል ያለማቋረጥ የሚወጣውን አማካይ ጉልበት ይሁን። ስትለካም ግራውንና ቀኙን አንድ ላይ አሠርተህ ይሁን፤ አንዱን አስተኝተህ ሌላውን ብቻ አትለካም። በስንት ኦም ስፒከር፣ ከየትኛው እስከ የትኛው የድምፅ ድግግሞሽ፣ በምን ያህል መዛባት እንደሆነ አብረህ ጻፍ። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ላይ ጉልበቱን ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ጠብቆ ማሳየት አለበት። የጫፍ ጉልበትህንም መጥራት ትችላለህ፣ ግን ከዋናው ቁጥር በደመቀ ፊደል አይሆንም። ማን ለካው፣ እንዴት፣ በምን ሁኔታ የሚለው የመምህሮቻችን ጥያቄ በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው።

አምራቾቹን ያስጮኸው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም፤ አንዲት የማሞቂያ አንቀጽ ናት። አምፕሊፋየሩ ከመለካቱ በፊት፣ ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ፣ ቻናሎቹ በሙሉ እየሠሩ፣ «አለኝ» በሚለው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆይ ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የአምፕሊፋየር እውነት ማደር እንኳ አያስፈልገውም፤ በአንድ ሰዓት ይጠራል።

ለምን አንድ ሦስተኛ? እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነውና። አብዛኛው ሰው አምፕሊፋየር ከሁሉ በላይ የሚግለው ድምፁ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የሚኒባስ ሾፌር ዳገት ላይ ትራፊክ ሲይዘው አስቡት። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ከረገጠ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋልና ፍሪሲዮኑ አይጎዳም። ሙሉ በሙሉ ከለቀቀም አንድ ላይ ይዞራሉና አይጎዳም። በግማሽ ረግጦ መኪናውን ዳገት ላይ ሲያንጠለጥል ነው የፍሪሲዮን ሽታ ታክሲውን የሚሞላው። ትራንዚስተርም እንዲሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብዙ ያልፋል ግን መንገድ ላይ የሚቀር ኃይል ጥቂት ነው። መካከል ላይ ሲሆን ግን ኃይሉ እዚያው ትራንዚስተሩ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በቁጥር እንየው። በተለመደው አሠራር የተሠራ ባለ 100 ዋት አንድ ቻናል ብንወስድ፣ በወረቀት ሒሳብ ሙሉውን 100 ዋት ሲያወጣ የሚያባክነው ሙቀት 27 ዋት ገደማ ነው። 40 ዋት ሲያወጣ ግን ሙቀቱም 40 ዋት ነው! 33 ዋት ላይም ሙቀቱ ያው ወደ 40 ይጠጋል። 12 ተኩል ዋት ብቻ ሲያወጣ እንኳ ሙቀቱ 32 ነው፤ ሙሉውን ሲያወጣ ከነበረው ይበልጣል። የእውነቱ ዓለም ከዚህ ትንሽ ይከፋል እንጂ አይሻልም። ስለዚህ አንድ ሦስተኛ ማለት የሙቀቱ ጫፍ አጠገብ መቆም ማለት ነው። ሁለት ቻናል ያለው አምፕሊፋየር እዚያ ላይ 80 ዋት ሙቀት በአየር ማስወገድ አለበት። ያንን የሚያስወግደው ሂት ሲንክ የሚባለው ጥርሳም አሉሚኒየም ነው። ለእያንዳንዷ ዋት ግማሽ ዲግሪ የሚሞቅ ደህና ሂት ሲንክ ቢኖረው 40 ዲግሪ ይጨምራል፤ ክፍሉ 25 ከሆነ አሉሚኒየሙ 65 ይደርሳል። እጃችሁን አታሳርፉበትም። ሂት ሲንኩ በግማሽ ቢያንስ ደግሞ አሉሚኒየሙ 105 ይገባል፤ በውስጡ ያለው ትራንዚስተር ከዚያም ይብሳል፣ መከላከያው ካላጠፋው ይቃጠላል። ትራንዚስተር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የበለጠ ሲያሳልፍ የበለጠ ይሞቃል። ጥንቃቄ ካልተደረገ ራሱን በራሱ ያነዳል።

ስለዚህ ኮሚሽኑ የጠየቀው ጥያቄ «ስንት ዋት ታወጣለህ?» ብቻ አልነበረም። «የስንት ዋት አሉሚኒየም ገዝተሃል?» የሚልም ነበር። ያልገዛ ሰው ቁጥሩን ዝቅ ከማድረግ በቀር መውጫ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በጣም ደስ ይለናል። ዋት እውነት ሲሆን የዋት ውድድር ይቀዘቅዛል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ጭራሽ ባሰበት! ልዩነቱ አሁን ውድድሩ በወረቀት ሳይሆን በብረት መሆኑ ነው። ሬዲዮና አምፕሊፋየርን ባንድ ሳጥን የያዙት የ1970ዎቹ ሪሲቨሮች (የዲሹን ማለታችን አይደለም) ዓመት በዓመት ይወፍሩ ጀመር። ፓዮኒየር በ1976 ኤስ.ኤክስ. 1250 የተባለውን በቻናል 160 ዋት ይዞ መጣ። ማራንዝ 2500 በተባለው ሞዴሉ 250 አለ፤ ሙቀቱን ለማውጣት ውስጡ ቬንትሌተር የሚነፍስበት የአሉሚኒየም ዋሻ ተሠራለት። ፓዮኒየር በ1978 ኤስ.ኤክስ. 1980ን በ270 ዋት አወጣ፤ ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ። ቴክኒክስ ደግሞ 330 አደረሰው። 35 ኪሎ ሬዲዮ! ከጤፍ ኩንታል ሲሶ በላይ ማለት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ናቸው፤ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው እየተጠገኑ ይሠራሉ። ሁሉም የሕጉ ውጤት ነው አንልም፤ የጊዜው ፋሽንም፣ የጃፓን ኩባንያዎች ፉክክርም አለበት። ግን ገዢው ማመን የሚችለው ቁጥር ባይኖር ኖሮ ለ35 ኪሎ ብረት ገንዘብ የሚያወጣ ሞኝ አምራች አይገኝም ነበር። ማጋነን ነጻ በሆነበት ገበያ ትራንስፎርመር የሚያሳንሰው ሰው ነው የሚያተርፈው።

አምራቾቹ በበኩላቸው ማጉረምረማቸውን አላቆሙም፤ ለፍትሐዊነት ሲባል ክርክራቸውን እንስማ። ሙዚቃ በአማካይ ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ላይ አይቆይም። የሙዚቃ ጫፍና አማካይ መሐል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። 200 ዋት ያለው አምፕሊፋየር በአንድ ሦስተኛ ለአንድ ሰዓት ይሥራ ማለት ማንም ሰው እቤቱ ለማያደርገው ነገር ሁሉም ገዢ ይክፈል ማለት ነው። በተለይ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ሙቀቱ ይብሳልና አምራቹ በ4 ኦም ያለውን ጉልበት ከነጭራሹ ሳይናገር ማለፍን ይመርጣል፤ ይህም ገዢውን ይጎዳል። ቤት ውስጥ ሲኒማ ሲመጣ፣ ሁለቱ ቻናል አምስትና ሰባት ሲሆን፣ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ኮሚሽኑ በ2000 መጨረሻ ሐሳባቸውን ተቀብሎ አንድ ሦስተኛውን ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ አደረገው።

እኛ ምን እንላለን? አንድ ስምንተኛው ለሙዚቃ የቀረበ መሆኑን አንክድም። ፈተና ግን ኑሮን መምሰል ብቻ አይደለም ሥራው። የድልድይ መሐንዲስ ድልድዩን የሚፈትነው በየቀኑ በሚያልፈው አህያ ልክ አይደለም። ፈተናው ሲቀል አምራቹ ከአሉሚኒየሙ የሚቆርስበት ቦታ አገኘ፤ ቻናሎቹ በበዙበት ዘመን ደግሞ ይህ ትልቅ ፈተና (የሌላኛው ዓይነት) ነው። በዚያው ውሳኔ በማስታወቂያ ላይ የመዛባቱን መጠን የመጻፍ ግዴታም ቀረ። ይሄኛው ፈጽሞ አልተዋጠልንም።

ምክንያቱም ደንቡ ከመጀመሪያውም አንድ ቀዳዳ ነበረው። ሁኔታህን ጻፍ ይላል እንጂ ይህን ሁኔታ ተጠቀም አይልም። የድግግሞሹን ክልልም፣ የመዛባቱን መጠንም የሚመርጠው አምራቹ ነው። ስለዚህ የካርቶኑ ግንባር ላይ 100 ዋት ይጻፋል፤ ከሥሩ በጉንዳን ፊደል «በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ በ10 በመቶ መዛባት፣ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ» የሚል ይመጣል። እያንዳንዷ ሐረግ ዋጋ አላት። 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ መለካት ቀላል ነው፤ አምፕሊፋየርን የሚያደክመው ቤዙ ነው። 10 በመቶ መዛባት ማለት ሞገዱ ራሱ ተቆራርጦ ጆሮ የሚቧጭር ድምፅ ሆኗል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ግን ከ1 በመቶው በሩብ ያህል ከፍ ይላል። አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ ደግሞ ለሁሉም የተሠራው ትራንስፎርመር ለአንድ ልጅ ብቻ ያጎርሳል። 1974 ላይ በበር የወጣው ማጋነን በመስኮት ተመለሰ።

በ2020 መጨረሻ ኮሚሽኑ «ይህ ደንብ ከነጭራሹ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ስለ አምፕሊፋየር ማን ግድ ይለዋል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ደንቡ ይቅርብን ሳይሆን ይጥበቅልን የሚሉ ድምፆች መጡ። በ2022 ረቂቅ ማሻሻያ ወጣ፤ በ2024 ጸደቀ። አሁን ሁኔታው የአምራቹ ምርጫ አይደለም፦ በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ባለው ሙሉ ክልል፣ ከ1 በመቶ ባነሰ መዛባት። ሌላ ቁጥር መጥራት ቢፈልግ እንኳ ይህኛው መቅደም አለበት። 50 ዓመት ፈጀ እንጂ ቀዳዳው ተደፈነ።

የአሜሪካ ደንብ መርካቶ አይደርስም። እኛ እጅ ላይ ያለው መሣሪያ ዓይንና ሒሳብ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ክብደትም ነበር፤ የድሮ ጠጋኞች አምፕሊፋየርን በእጃቸው ከፍ አድርገው ሲመዝኑ እንደ በግ ገዢ መሳቂያ ቢመስሉም ትክክል ነበሩ፤ የሚመዝኑት ትራንስፎርመሩንና ሂት ሲንኩን ነዋ። አሁን ግን «ክላስ ዲ» የሚባለው አሠራር ይህንን ጥበብ አበላሽቶታል። ሐሳቡ ያው የፍሪሲዮኑ ነው፤ ትራንዚስተሩ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ መሐል ላይ አይንጠልጠል፣ ይህንንም በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ያድርግ። ስለዚህ ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ይሰጣል፣ ሙቀቱ ጥቂት ነው፣ ሂት ሲንኩም የአውራ ጣት ታክላለች። ትንሽነቱ ብቻውን የሌብነት ምልክት መሆኑ ቀረ።

ሒሳቡ ግን አልቀረም። በየሱቁ «100+100 ዋት» ተብሎ የሚሸጠውን የመዳፍ መጠን አምፕሊፋየር ስታዩ አብሮት ያለውን አዳፕተር አንብቡ። 12 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል እንበል። 12 በ2 ሲባዛ 24 ዋት። ግራና ቀኙ ተደምሮ ከዚህ በላይ ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም፤ የፈጣሪ ሕግ ነው። ይጨምርበታል፦ በ12 ቮልት፣ በ8 ኦም ስፒከር፣ ሞገዱ ሳይቆራረጥ ለአንድ ቻናል ሊወጣ የሚችለው 9 ዋት ነው፤ በ4 ኦም 18። ለመኝታ ቤት ግሩም ነው፤ 9 ዋት ማለት የዊልያምሰን 15 ዋት ጎረቤት ነው፣ በጆሮ ልዩነቱን ለመለየት ትቸገራላችሁ። የምንከፋው ዕቃው ላይ አይደለም። ተማሪ ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ በሚገዛው ዕቃ ላይ 9 ብሎ ለመሸጥ የማይፈልገው ሰው ላይ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ነገር ልንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሂት ሲንክ የሚቀዘቅዘው በሚነካው አየር ነውና፣ የሳሳ አየር ሙቀት የሚሸከምበት ጫንቃው ያንሳል፤ ያው አምፕሊፋየር ባሕር ዳርቻ ከሚሞቀው በላይ እዚህ ከክፍሉ አየር ተነስቶ ይሞቃል። የከተማዋ ብርድ ይክሰናል እንጂ ጉዱ ይታይ ነበር። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ገና ሳይበራ ክፍሉ 30 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ ዳንቴሉን አንሡት፤ እናቶቻችን ይቅር ይበሉንና ዳንቴል ለሂት ሲንክ ጋቢ ነው። የዲሽ ሪሲቨሩንም አምፕሊፋየሩ ላይ አትደርቡ፣ ሁለቱም ሙቀት አውጪ ናቸው። በመስታወት የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ካለ ከኋላ ያለውን ጣውላ ቆርጣችሁ አየር ስጡት፤ ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር፣ የሞቀ አየር የሚሸሸው ወደ ላይ ነው። አቧራውን በዓመት አንዴ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ፣ ከውጭ በመተንፈሻው በኩል። ውስጡን የሚከፍት ጠጋኝ ይሁን፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉና።